ለለቅሶ ፈቃድ አይጠየቅም

«ያን ድምፅ እንግዲህ ማን ያወጣዋል?»

ጸጉር አስተካካዩ ይህን ያለው በሹክሹክታ ነው፤ ያውም አፉን በሻይ ብርጭቆ ከልሎ። አጠገቡ የተቀመጠችው የድራማ መምህርት እጇን ጉልበቱ ላይ ጫን አደረገች፤ ዝም በል ማለቷ ነው።

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ግቢው ውስጥ በተወጠረው ሸራ ሥር ከሠላሳ የማያንስ ሰው ተቀምጦ ገሚሱ ስለ ሟች፣ ገሚሱ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ገሚሱም ስለ ራሱ የጉልበት ሕመም ያወራል። በዚያ ሁሉ ጉምጉምታ መሃል የጸጉር አስተካካዩን ሹክሹክታ ለይታ የሰማች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም በወዲያኛው ጥግ፣ ከቤቱ በር አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጠችው የሟች ሚስት።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ስልክ ቤት ማዞሪያ ላይ ሠርታ ጡረታ የወጣች ስልከኛ ናት። ጆሮዋ አይስትም። ሰው «ደህና ነኝ» ሲላት የትኛዋ ፊደል ላይ እንደዋሸ ታውቃለች ይሏታል ጎረቤቶቿ። ገበያ ውስጥ አይታው የማታውቀው ሰው ዋጋ ሲጠራላት፣ «አንተ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አይደለህም? ሰኞ ሰኞ ለእህትህ ትደውል የነበርክ!» ብላ ክው ታደርገዋለች።

ተነሣች። ጥቁር ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወደ ወጥ ቤት ስታልፍ ሁለቱን በዓይኗ ጠራቻቸው።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። ጎረቤቶች ሻይና ቡና ሞልተው ያመጧቸው ፔርሙሶች ጠረጴዛውን አጣበውታል። በሩን ከኋላቸው ገፋ አደረገችውና፣

«የምን ድምፅ ነው?» አለች።

ጸጉር አስተካካዩ ወደ መምህርቷ አየ። መምህርቷ ወደ ፔርሙሶቹ።

«እንዲያው ዝም ብሎ ነው እትዬ...»

«ዝም ብሎ የሚባል ነገር የለም። ባሌን የቀበርኩት ትናንት ነው። እቤቴ ተቀምጣችሁ ስለ እሱ ትንሾካሾካላችሁ። የምን ድምፅ?»

ሟች አናጺ ነበር። ሰፈርተኛው «አባ ጭጭ» ይለዋል፤ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራቸው ያወራው ሁሉ ቢጻፍ አንዲት ፖስታ አይሞላም እያለች ሚስቱ ራሷ ትቀልድበት ነበር። ወጣት ሳለ ታስሮ እንደነበር ታውቃለች። ጀርባው ላይ ያሉትን ጠባሳዎች በጣቶቿ ታውቃቸዋለች። በተጋቡ በዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃው፣ «የሆድን በሆድ» አላት። ደግማ አልጠየቀችም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ግን ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መውጣት ጀመረ። ወዴት ነው ስትለው፣ «ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ። ለቴአትሮቹ እንጨት እሠራለሁ» አላት። እውነትም እንጨት ይዞ ነበር የሚሄደው። «አንድ ቀን መጥቼ ልይልህ?» ስትለው ግን ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው፣ «እንዳትመጪ!» ብሎ ጮኸባት። ደንግጣ ስታየው ድምፁን አወረደና «እባክሽ» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ ሲመለስ ቤት ከመግባቱ በፊት ግቢው ውስጥ ካለችው ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብሎ አፉን ይጉመጠመጣል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መጠጥ የጀመረ መስሏት ስንት ቀን ኮሌታውን የምታስተካክል መስላ ጠጋ ብላ አሽትታዋለች! ከእንጨት ፍቅፋቂ ሽታ በቀር ያገኘችው ነገር አልነበረም።

«እሱ እንጨት ብቻ አልነበረም የሚሠራው» አለች መምህርቷ በመጨረሻ። «ይጫወትም ነበር።»

«ቴአትር? ባሌ? ‹ደህና አደርሽ› ለማለት ሦስት ቀን የሚያስበው ሰውዬ?»

መምህርቷ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያውም አፈረች።

«ማንን ሆኖ ነው የሚጫወተው?»

«ዘበኛውን» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

ከዚያ በኋላ መሸሸግ አልተቻለም። ጸጉር አስተካካዩ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ እጆቹን እያየ ነገራት። በዚያ ክፉ ዘመን የከተማው የእህል መጋዘን እስር ቤት ሆኖ ነበር። አርባ አንድ ሰው በአንድ ክፍል፤ ስምንት እርምጃ በአምስት እርምጃ። የሚተኙት በፈረቃ፣ ያውም በጎናቸው ነው። ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር እንጂ። እሱ ዘጠኝ ነበር፤ አናጺው አሥራ ሰባት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዘበኛው በሩን ይከፍትና ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ቁጥር ይጠራል። የተጠራ አይመለስም። በሰባት ወር ውስጥ ከአርባ አንዱ አሥራ ሁለት ቀሩ።

ዘመኑ ሲያልፍ መጋዘኑ ፈርሶ የአውቶቡስ ጋራዥ ሆነ። መቃብር የለ፣ ወረቀት የለ። አንድ ሁለቱ አቤት ሊሉ ቢሄዱ፣ «እንዲህ የሚባል እስር ቤት በመዝገባችን የለም» ተባሉ።

«ይቺ ልጅ ናት ፈልጋ ያገኘችን» አለ ወደ መምህርቷ እያመለከተ። «አባቷ ሠላሳ ቁጥር ነበር። ‹ወረቀት ከሌለ እናንተው ወረቀት ሁኑ› አለችን። እንጫወተው ተባባልን። ሕጓ አንድ ነው፤ ማንም የራሱን ታሪክ አይጫወትም። የኔን ሌላው ይይዝልኛል፣ የሌላውን እኔ። የራስህን ስትይዝ ትሰበራለህ፤ የሰው አደራ ስትይዝ ግን ትጠነቀቃለህ።»

«ዘበኛውንስ?»

«እሱን የሚሆን ጠፋ። ማን ይሆናል? አንድ ወጣት ተዋናይ አመጣን። መጥቶ ጮኸ፣ ተንጎራደደ፣ ጥርሱን አፋጨ። ሲኒማ ሆነ። ዘበኛው እኮ ጮሆ አያውቅም እትዬ። ልጁን ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅስ አባት ነበር የሚመስለው። እንደዚያ ስንከራከር ባልሽ ጥግ ላይ ለቴአትሩ የሚሠራውን የእንጨት ግድግዳ ይመታ ነበር፤ መዶሻውን አስቀመጠ። ተነሥቶ ሦስት ቁጥር ጠራ። አንድ ትልቅ ሰው እዚያው በቆመበት ሱሪው ላይ ሸና። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው!»

«እኔ ለምን አንተ አልኩት» አለች መምህርቷ። «‹እኔ ካልያዝኩት ድምፁ ይጠፋል። ድምፁ ከጠፋ፣ ሰውየውም አልነበረም፣ እኛም አልነበርንም ይሉናል› አለኝ። ከእሱ አፍ እንደዚያ ረጅም ንግግር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።»

ለስልከኛዋ ያ ሁሉ መጉመጥመጥ ምን ሊያጥብ እንደነበር አሁን ገባት። ግን አንድ ነገር ጎረበጣት።

«ይኼንንማ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? አለቅስለት ነበር፤ ከዚያ ሌላ ምን አደርገዋለሁ? የደበቃችሁኝ ሌላ ነገር አለ።»

«አስምሎናል» አለች መምህርቷ።

«ያስማላችሁ ሰው ሞቷል። ያለሁት እኔ ነኝ።»

ጸጉር አስተካካዩ ዓይኑን ጨፈነ።

«ዘበኛው የተጠሩትን አስረክቦ ሲመለስ፣ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ስልክ ነበረች። እጀታዋን ያዞራል። ጮኻ የምትሰማ ስልክ ናት፤ እኛ ድረስ ትሰማለች። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ ይመጣል። ‹እንደምን አመሹ፣ ማንን ላገናኝ?› ትላለች። በዚያ ቤት ውስጥ እንደምን አመሹ የሚል ፍጡር እሷ ብቻ ነበረች። ሁላችንም ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር፣ እሷን ለመስማት። ‹ዛሬ ጉንፋን ይዟታል› እንባባል ነበር። ‹ዛሬ ደስ ብሏታል።› እሱ ‹ዋናውን መሥሪያ ቤት› ይላታል። ታገናኘዋለች። ‹ሦስት ኩንታል ወጥቷል› ይልና ይዘጋል።»

ስልከኛዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

መስመር ዘጠኝ። የእህል መጋዘን። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰውዬ፤ ሁልጊዜ «አመሰግናለሁ የኔ ልጅ» የሚላት። ሌሎቹ ደንበኞች ሲሰድቧት፣ ሲያቻኩሏት፣ እሱ ብቻ ያመሰግናት ነበር። ጨዋ ሰው ብላ ነበር የያዘችው።

ሌላም ነገር መጣባት። አናጺው ከእስር በወጣ በሦስት ዓመቱ የስልክ ቤቱን በር ሊጠግን የመጣ ዕለት ምስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ ይመታ ነበር። እሷ ማዳመጫዋን አጥልቃ፣ «እንደምን ዋሉ፣ ማንን ላገናኝ?» ስትል መዶሻው ቆመ፤ ምስማሮቹ አንድ በአንድ ከአፉ ወለሉ ላይ ረገፉ። ይህን ታሪክ ለጓደኞቿ ስንት ጊዜ አውርታዋለች! «መልኬን ቢያይ አፉ ተከፍቶ ቀረ!» እያለች።

«መልኬን አይቶ መስሎኝ» አለች አሁን፣ ለማንም ሳይሆን። «እኔው ነበርኩ። መስመሩን እሰካ የነበርኩት እኔው ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ።»

«እንዳታውቂ ነበር የፈለገው» አለች መምህርቷ። «‹እሷ በዚያ ቤት ለኛ ሰው ነበረች። እንደዚያው ትቆይ› አለን።»

በሦስተኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ የባህል ክፍል ኃላፊ መጣ። ጥቁር ከረባት አስሯል። ለሁሉም እየተዘዋወረ እጅ ነሣና አጠገቧ ተቀመጠ፤ እግዜር ያጽናዎት አላት፤ ሟች ታታሪ ሰው እንደነበሩ ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስለ ቅዳሜው ቴአትር ልነግርዎት ነው። አዳራሹ ለእድሳት ተዘግቷል። ደግሞም እርስዎ በዚህ ሐዘን ላይ እያሉ ተገቢ አይሆንም ብለን፣ ለእርስዎ ክብር ስንል ሰርዘነዋል። የቆየ ቁስል መነካካትም ለማንም አይበጅም።»

አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነበር የምታዳምጠው፤ ልክ ማዳመጫ እንዳጠለቀች።

«ልጄ፣ ‹ክብር› ስትል ድምፅህ ይቀጥናል» አለችው።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለአዳራሽ ፈቃድ ይጠየቃል። ሰው ሲሰበሰብም ይጠየቃል አይደል?»

«አዎ፣ ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«ለለቅሶስ?»

ኃላፊው ፈገግ አለ። «ኧረ እትዬ! ለለቅሶ ፈቃድ አይጠየቅም።»

«እሰይ። አፍህ ይባረክልኝ። እንግዲያው ከነገ ወዲያ በዘጠኝ ሰዓት መጥተህ አብረን እናልቅስ። ሰው እንዳይቀርብኝ።»

ነገሩ ገብቶት ፊቱ ሲለዋወጥ፣ ሸራው ሥር የነበሩ ለቀስተኞችም ጆሯቸውን ቀስረው ያዳምጡ ነበር።

ኃላፊው እንደወጣ የሟች ታናሽ ወንድም ወደ ጓዳ ጎትቶ ወሰዳት። የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል ጸሐፊ ነው፤ ለጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

«ምን ልታደርጊ ነው እታለም? ሰዎቹ እኮ አለቆቼ ናቸው!»

«ባልሽን አናስታውስም አሉኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ተናቅሁ።»

«የሞተ ሞቷል። በሕይወት ያለነውን አታስፈጂን።»

«ወንድምህ ነው የሞተው!»

ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ አስቀመጠ። «ወንድም የለኝም ብዬ ፈርሜያለሁ» አለ።

«ምን?»

«ሥራ ስይዝ። ያኔ እሱ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ፎርሙ ‹ከቤተሰብህ የታሰረ አለ ወይ› ይላል። ‹ወንድም የለኝም› ብዬ ጻፍኩ። አልታሰረም አላልኩም፤ የለኝም አልኩ። ወረቀቷ ዶሴዬ ውስጥ እስከ ዛሬ አለች። እሱ ያውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም።»

ልታጽናናው ትችል ነበር። አላጽናናችውም።

«ስላልወቀሰህ አላመመውም ማለት አይደለም» አለች። «ጭጭ ስለሆነ ነው።»

ሰውየው ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። በማግስቱ ለቅሶ ቤት አልመጣም።

በዚያው ቀን፣ በአራተኛው፣ የቴአትሩ ሰዎች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ከተረፉት አሥራ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት ያሉት ስድስት ናቸው፤ የቀሩት የሟቾች ልጆችና እህቶች ናቸው። ሁሉም ልቡ ቆርጧል፤ ችግሩ ያው የመጀመሪያው ችግር ነበር። ዘበኛውን ማን ይሁን?

«እኔ» አለች ስልከኛዋ።

«እትዬ፣ አንቺ...»

«እናንተ ያን ድምፅ በበር በኩል ነው የሰማችሁት። እኔ ግን ሰባት ወር ሙሉ በየምሽቱ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።» ቀና ብላ ተቀመጠች። ዓይኗን ከደነች። ከዚያም ልስልስ ባለ፣ ባልቸኮለ ድምፅ፣ «አመሰግናለሁ የኔ ልጅ» አለች።

ጸጉር አስተካካዩ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ኋላው ሁለት እርምጃ ሄደ። ሌላ ፈተና አላስፈለገም።

በአምስተኛው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ግቢው ሞላ። ከመንገድ የሚያልፍ እንዲያይ የግቢው በር ተከፍቶ ተተወ። አናጺው ለቴአትሩ የሠራው የእንጨት ግድግዳ አዳራሹ ውስጥ ስለተቆለፈበት የለቅሶው አግዳሚዎች ተነሥተው ስምንት እርምጃ በአምስት እርምጃ ሆነው ተገጠሙ፤ ለቀስተኛው ዙሪያውን ቆመ። ዳቦ ይዛ የመጣች ጎረቤት ዳቦዋን እንደታቀፈች ቀረች። ኃላፊው ከኋላ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ከረባቱን አውልቆ ደብተር ይዞ ቆሟል።

ተጫወቱ። አንዲት ሴት የአንድን ተማሪ ሌሊት ተረከች፤ ከመጋዘኑ ደጅ የምታድረው እናቱ እንዳትሰማው በጥርሱ ሸሚዙን ነክሶ ያለቀሰበትን። አንድ ሽማግሌ የመምህርቷን አባት ቀልዶች አንድ በአንድ ቀለደ፤ ፈረቃው የደረሰው ሁሉ በጎኑ ተኝቶ «ዙሩ!» ሲባል አብሮ የሚዞረውን፣ ሠላሳ ቁጥርም «እኔን ገልብጡኝ፣ በዚህ በኩል በስያለሁ» ይል የነበረውን። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ሳለ ዘበኛዋ ገባች።

በሐዘን ልብሷ ነው የገባችው። አልጮኸችም። ከአግዳሚዎቹ መሃል በክፍተቱ ቆማ፣ «እስቲ ልጆች» አለች፣ «አራት። ሃያ ሁለት። ሠላሳ።»

ሦስቱ ተነሥተው በግቢው በር ወጡ። መንገድ ላይ የቆመው ሰው ገለል ብሎ አሳለፋቸው። 

ስልከኛዋ ጭብጧን ወደ ጆሮዋ አነሣች። ከሸራው ጀርባ መምህርቷ በልጅ እግር ድምፅ፣ «እንደምን አመሹ፣ ማንን ላገናኝ?» አለች። የዚያች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር፤ ብሩህ፣ ትሑት፣ ሥራዋን የምትወድ። 

«ዋናውን መሥሪያ ቤት» አለች ስልከኛዋ በዘበኛው ድምፅ። «ሦስት ኩንታል ወጥቷል።»

እዚህ ላይ መዝጋት ነበረባት፤ ጽሑፉ እንደዚያ ነው። አልዘጋችም። እጇን አወረደችና ወደ ሰዉ ዞረች፤ ስትናገር የገዛ ድምፅዋ ነበር።

«የዚህ ቴአትር ሕግ ማንም የራሱን አይጫወትም ነው። እኔ ዛሬ አፈርሰዋለሁ። ይቺ ስልክ ያነሣችው ልጅ እኔ ነኝ። መስመር ዘጠኝ፣ የእህል መጋዘን፤ በየምሽቱ፣ ሰባት ወር። እህል መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ‹አምስት ኩንታል› ሲል ሰምቼ፣ ‹ዘንድሮማ እህል ረክሷል ማለት ነው› ብዬ ቀለድኩ። ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።»

ቆመች። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ አልመለሰችውም።

«ሳቄን ባሌ ከውስጥ ሆኖ ሰምቶታል። ሰምቶም አገባኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉም አልነገረኝም። እንግዲህ በመዝገብ የለም ለምትሉ፣ መዝገቡ ይኸው ቆሟል። አንተ ከቧንቧው አጠገብ ያለኸው ልጅ! ደብተር ይዘሃል አይደል? ጻፍ። መስመር ዘጠኝ ብለህ ጻፍ። ኩንታል አልነበረም፣ ሰው ነበር ብለህ ጻፍ። ማን ነገረህ ቢሉህ፣ ያገናኘችው ስልከኛ ነገረችኝ በል!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ኃላፊውን አየው። ኃላፊው ደብተሩን ወደ ኪሱ ሊከት ሞከረ፤ አልገባለትም።

እሷ ግን ወደ አግዳሚዎቹ ተመልሳ ነበር። የቴአትሩ መጨረሻ ጥሪው ነው፤ ዘበኛው ከአንድ እስከ አርባ አንድ ይጠራል፤ የእያንዳንዱን አደራ የያዘው ሰው «አለ!» ብሎ ይመልሳል። ለሕያውም ለሟችም መልሱ ያው ነው።

«አንድ።»

«አለ!»

«ሁለት።»

«አለ!»

ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁም በረታ። ከአግዳሚው ውጭ የቆሙት፣ ዳቦ የታቀፈችውም ጭምር፣ አብረው መመለስ ጀመሩ። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት።

«አሥራ ሰባት» አለች።

የአሥራ ሰባትን አደራ የያዘው ጸጉር አስተካካዩ ነበር። አፉን ከፈተ።  አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ቁጥር የሚጠራው ያው የቁጥሩ ባለቤት ነበርና፣ ዛሬ ባዶውን ሲያየው ቃል አጣ። ከዙሪያውም ለመመለስ የደፈረ የለም።

«አሥራ ሰባት!» አለች ደግማ፤ የዘበኛው ለስላሳነት ከድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

«አለ!»

ድምፁ የመጣው ከግቢው በር ነው። የሟች ወንድም ሰዉን በትከሻው እየገፋ ገባ። ከቢሮ ሮጦ እንደመጣ ያስታውቃል፤ ያለከልካል፤ ኮፍያውም አብሮት የለም። ኃላፊውን አልፎት ሲሄድ ቀና ብሎ በዓይኑ አየው፤ ከዚያም ገብቶ ከአግዳሚዎቹ መሃል ቆመ።

«ወንድሜ ነው» አለ። «አለ!»

እስከ አርባ አንድ ጠራች። አንድም ሳይመለስ የቀረ አልነበረም።

ሰዉ እስኪበተን ብዙ ቆየ። ሁሉም አጠገቧ እየመጣ አንድ ነገር ይነግራት ነበር፤ አንዷ የአጎቷን፣ አንዱ የአስተማሪውን። መምህርቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቶሎ ቶሎ ትጽፋለች። ኃላፊው መቼ እንደወጣ ያየው የለም።

ግቢው ጭር ሲል የሟች ወንድም አሁንም እዚያው፣ አግዳሚዎቹ መሃል ቆሟል። የት እንደሚሄድ የጠፋው ይመስላል። ጠጋ አለችው።

«ነገ ሥራ ትገባለህ?»

«እገባለሁ።»

«ቢጠሩህስ?»

«ዶሴዬን አውጡልኝ እላቸዋለሁ። የማርማት ቃል አለችኝ።»

ኮቱን አየችው። በጥድፊያ ቁልፎቹን አዛብቶ ቆልፏቸው ኖሮ አንዱ ጎን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ተንጋዷል። ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ከዚያም ከታች ጀምራ፣ እያንዳንዷን ቁልፍ ከቀዳዳዋ እያገናኘች፣ ቀስ ብላ ቆለፈችለት። ትከሻው የወንድሙ ትከሻ ነበር፤ ከፍታውም ያው። የመጨረሻዋን ቁልፍ አስገብታ ኮሌታውን አቀናችለት፤ እጆቿን ግን ቶሎ አላነሣችም።